ማሞቂያው ከመሰቀሉ በፊት

ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል ብሎ የነገረኝ ማን እንደሆነ ረሳሁት እንጂ ባስታውሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ እወቅሰው ነበር። የመብራት ሠራተኛ ጡረታ አይወጣም። መሰላሉን ይመልሳል፣ የሥራ ልብሱን ለዘመድ ይሰጣል፤ ስልኩ ግን መጥራቱን አያቆምም። መካነ ሰላም ውስጥ አንድ አንፖል ብልጭ ድርግም ካለ "ጋሽ እንድሪስን ጥሩት" ነው። ስመጣ ደግሞ የምናገረውን የሚሰማ የለም። አንፖሉን ቀይርልን ይሉኛል እንጂ ሽቦውን እይልን ብሎ የጠራኝ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

አምና ብርዱ ሲገባ የእማማ ከድጃ ልጅ ጀማል የደወለልኝም እንደዚያው ነው።

"ጋሽ እንድሪስ፣ እህቴ ራህማ ከዓረብ አገር ለእማ ማሞቂያ ልካለች። ግድግዳ ላይ መስቀል ብቻ ነው" አለኝ።

"ብቻ" የምትለዋን ቃል ስሰማ ራሴን ያመኛል። የለፋሁባቸው ሥራዎች ሁሉ የጀመሩት በእሷ ነው። "ሶኬት ብቻ ነው።" "አንድ ሽቦ መሳብ ብቻ ነው።" "ወፍጮ ብቻ ነው።" ወፍጮ! ያን ማሞቂያ ለመስቀል ስንነታረክ ብርዱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። እሱን ከመተረኬ በፊት ግን እንዲህ ነጭናጫ ያደረገኝን የሥራ ዘመን ባጭሩ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት መካነ ሰላም መብራት ከናፍጣ ሞተር በምታገኝበት ዘመን ነው። ሞተሩ ሲመሽ ይነሣል፤ ሰው እራቱን በልቶ ወሬውን ሳይጨርስ ይጠፋል። ያኔ የሚያማርር አልነበረም፤ ስለበራችው ጥቂት ሰዓት ይመርቁን ነበር። ስድቡ የመጣው ዋናው መስመር ከመጣ በኋላ ነው። ቀጥሎ ወግዲ ተመደብኩ። እዚያ ክረምት ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ስለሚቀር ምሰሶውን በትከሻ እየተቀባበልን ነው የተከልነው። ወረኢሉ ደግሞ "መጀመሪያ አብራ፣ ምክንያቱን በኋላ ትፈልጋለህ" የሚል አለቃ ጠበቀኝ። ነፋስ ሽቦ ጥሎ እኔ የወደቀበትን ማሳ ስፈልግ እሱ በስልክ "በራ?" ይለኛል።

"ጌታዬ፣ ሽቦው መሬት ላይ ነው። ከብት ሊነካው ይችላል።"

"እሺ፣ እሱስ ይሁን። ግን በራ?"

ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ የሚነገርም አይደለም።

ሰው ያደረገኝ አጅባር ነው። አጅባር ላይ ጋሽ ጌታሁን ከሚባሉ የቡድን መሪ ጋር ተመደብኩ። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ ሰው ነበሩ። አንድ ቤት ገብተው ሥራ ሲጀምሩ የመሣሪያ ሳጥናቸውን አይከፍቱም፤ ይቀመጡበታል። ከዚያ የቤቱን እመቤት ይጠይቃሉ፤ "በበዓል ቀን ምን ምን ታበራላችሁ?" በአዘቦት ቀን የምታበሩትን ብለው አይጠይቁም። ሰው አንዱን አስታውሶ ሌላውን ሲረሳ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ቆጥሮ ሲጨርስ "በሉ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አብሩልኝ" ይላሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበራል። እሳቸው ወደ ቆጣሪው ሄደው የእጃቸውን ጀርባ ሽፋኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሙቀቱን ያዳምጣሉ። ወደ ሶኬቱ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከእሳት በፊት ቀድሞ ይመጣል፣ ግን ቤተኛው ስለለመደው አይሸተውም ይሉ ነበር።

የማይወዱት ቃልም ነበራቸው። "ይሆናል" ካልኳቸው ፊታቸውን ያዞሩብኛል። "አየኸው ወይስ አላየኸውም?" ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ መልስ አይቀበሉም። ብዙ ጊዜ አናደውኛል፤ ዛሬ እኔ ራሴ ሰውን የማናድደው በእሳቸው ጥያቄ ነው።

አንድ ጊዜ ግን "ይሆናል" የሚለው ቃል በእሳቸውም ላይ አለፈ። አህመድ የሚባል ወጣት ከዓረብ አገር ተመልሶ አጅባር ላይ ዳቦ ቤት ከፈተ። ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስመጣ። እኛ ቤቱን ከጣራ እስከ መሬት አየንለት። ወፍራም ኬብል ዘረጋን፣ ለምድጃው የራሱን ብሬከር አደረግን፣ መሬት ውስጥ ብረት ቀብረን አሰርን። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርተን አናውቅም ነበር። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነቱን ይችል እንደሆነ አለቃችንን ስንጠይቅ "ይሆናል፣ ይችላል" አለን። ተቀበልነው።

ረመዳን ገባ። አህመድ ለማፍጠሪያ ዳቦ ሊያደርስ ምድጃውን ለኮሰ፤ በዚያው ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሾርባና ሳምቡሳ ላይ ነው። ትራንስፎርመሩ እንደ መድፍ ጮኸ። ስንደርስ ዘይቱ በምሰሶው እየወረደ ነበር፤ ሰው በየደጁ ወጥቶ ቆሟል፤ አህመድ ደግሞ ሊጥ በነካ እጁ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነበር። ሰፈሩ ረመዳኑን ሙሉ በጨለማ አሳለፈ። ማንም ትራንስፎርመሩን አልከሰሰም፤ ሁሉም አህመድን ከሰሰ። እናቱ ገበያ ስትወጣ "የጨለማው እናት" ይሏት ጀመር። ልጁ ምድጃውን ሸጦ ወደመጣበት አገር ተመለሰ።

ከመሄዱ በፊት ጋሽ ጌታሁን ይዘውኝ እቤቱ ሄዱ። "ቤትህን አየሁልህ እንጂ ከቤትህ በላይ ያለውን አላየሁልህም። ሥራው የኔ ነበር" አሉት። አህመድ ራሱን ነቀነቀ። ስንወጣ እናቱ በሩን ከኋላችን ዘጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ጌታሁን ጭነት የሚጨምር ሥራ ሲመጣ መስመሩን ተከትለው እስከ ትራንስፎርመሩ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ ዝናብም ቢሆን፣ ሩቅም ቢሆን። እግራቸው አብጦ ሥራ እስኪያቆሙ ድረስ አልተዉትም። ነፍሳቸውን ይማረው።

እንግዲህ ጀማል "መስቀል ብቻ ነው" ያለኝ ይህን ሁሉ ያየሁትን ሰው ነው።

እማማ ከድጃ ራህማ ባሠራችላቸው የብሎኬት ቤት ነው የሚኖሩት። መካነ ሰላም ከፍታዋ ቀልድ አይደለም፤ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የድሮው ጭቃ ቤታቸው ብርድ ይችል ነበር። አዲሱ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ጉድጓድ ውስጥ የወረደ ይመስለዋል። ስለዚህ እማማ ከድጃ የከሰል ማንደጃ አቅፈው ነው የሚያድሩት። ሳላቸው ሲጠና ሐኪም ከሰሉን ከለከላቸው። ራህማ ይህን ስትሰማ ነው ማሞቂያውን የላከችው።

ዕቃው እኛ ኤሲ የምንለው ነው፤ ግን ያሞቃል። አንዱ ክፍል ውስጥ ይሰቀላል፣ አንዱ ውጭ ይቆማል። እንደ ምድጃ ሽቦ አግሎ አይደለም የሚያሞቀው፤ ከውጭው አየር ላይ ሙቀት ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል። የሚገርመው ውጭው በረዶ ቢሆንም እንኳ የሚሰበስበው አያጣም። ኤሌክትሪክም ቢሆን ከምጣድ በጣም ያነሰ ነው የሚፈልገው።

"ታዲያ ከምጣድ ካነሰ ምን ትጨቀጭቀናለህ?" አሉኝ እማማ ከድጃ።

"ችግሩ እሱ አይደለም፣ እማማ። ሊቀመጥበት የመጣው ወንበር፣ ሽቦው ማለቴ ነው፣ ሞልቶ እንደሆነ ገና አላየሁም።"

ሁሉንም አንድ ላይ አብሩ አልኳቸው። ምጣዱ፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ በራ። ቆጣሪው ጋ ቆሜ ሳይ የሚዞረው ከዚያ በላይ ነው። እነሱ ካበሩት ሌላ የሚበላ አለ። ሽቦውን ተከትዬ ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። ከእማማ ከድጃ መስመር ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ በጣራው ሾልኮ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ቅጥሉ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ላስቲኩ ጠቁሯል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት እንደ ከሰል ሆኗል። ያ ቤት እስካሁን እንዴት እንዳልነደደ አላህ ያውቃል።

ወርጄ "ይህ የማነው?" አልኩ።

ጀማል መሬት መሬት አየ። እማማ ከድጃ ግን ምንም አላፈሩም። "የአስካለ ነው። ባሏ ሲሞት ቆጣሪ አልነበራትም፤ አንድ አንፖል ብቻ ነው የሰጠኋት።"

ይኸው፣ "ብቻ"! አስካለ ከአጥሩ ወዲያ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት። በዚያች "አንድ አንፖል" ላይ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ የውኃ ማፍያ፣ ሌላም ሌላም ሰክታለች። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። ሥራዋ የሚደምቀው ደግሞ ጥር ላይ፣ በሠርግ ወር፣ ማሞቂያውም በሚያስፈልግበት በዚያው ብርድ ነው። ሁለቱ ሙቀት አንድ ሽቦ ላይ ሊገናኙ ነው። ካስኩ ሲነሣ ኃይሉ ወርዶ የራህማን ማሽን ሊያቃጥለው፣ ወይም ቅጥሉ ነዶ ቤቱን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

"መጀመሪያ ይህ ሽቦ ይቆረጣል" አልኩ።

እማማ ከድጃ ከመደባቸው ቀና አሉ። "እሷን አጨልሜ እኔ ልሙቅ? እንድሪስ፣ አንተ የሙስሊም ልጅ አይደለህም እንዴ?"

"እማማ፣ ሽቦውን እዩት፤ ተቃጥሏል።"

"አብሽር፣ እስከ ዛሬ ያልነደደ ዛሬ አይነድም።"

አስካለ ወሬው ደርሷት በአጥሩ በኩል መጣች። ነገሩ እንዲገባት ብዬ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳት ሞከርኩ። ምነው አፌን በዘጋው ኖሮ! ከውጭው አየር ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል ስላት ዓይኗ ፈጠጠ።

"ከየትኛው ውጭ?" አለች።

"ከግቢው ነዋ።"

"ግቢው እኮ ከኔ ግድግዳ ጋር ነው። መብራቴን መቁረጥ አልበቃ ብሏችሁ ሙቀቴንም ልትወስዱ ነው?"

ሰማይ የሚያህል አየር አለ፣ የሚጎድልሽ የለም ብዬ ብምል ብገዘት አልሰማችኝም። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ "እንድሪስ የሰፈሩን ሙቀት ጠልፎ ለእማማ ከድጃ ሊሰጥ ነው" ይል ነበር። ሻይ ቤት ስገባ አንዱ ጋቢውን ጠቅለል እያደረገ "ለኛም ትንሽ ተውልን" አለኝ። ስንት ዓመት ምሰሶ ላይ የወጣሁት ለዚህ ነው።

ያለው መንገድ አንድ ነበር፤ አስካለ የራሷ ቆጣሪ ይግባላት። ዕድሜዬን የፈጀሁበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አላወቀችኝም፤ ከሰው ኋላ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ በትሕትና "አባቴ፣ ቆጣሪ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የለም። ይጠብቁ" አለችኝ። ደጋግሜ ሄድኩ፤ ደጋግማ በትሕትና መለሰችልኝ። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

እስከዚያው የቤቱን ዝግጅት እንሥራ ብዬ ለጀማል ነገርኩት። ማሽኑ ቢሠራም ሙቀቱ በግድግዳውና በጣራው መካከል ባለው ክፍተት ከወጣ ዋጋ የለውም፤ እማማ የሚተኙበት ክፍል መደፈን አለበት። ግን ጣቴን ቀስሬ አስጠነቀቅኩት፤ "ክፍተቱ የሚደፈነው ከሰሉ ከቤት የወጣ ቀን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀዳዳ እንዳትነካ። አሁን የከሰሉን መርዝ እያስወጣ እናትህን የሚያተርፋት ያ የምትረግመው ነፋስ ነው።"

"እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል" አለ።

አልገባውም። ወይም ገብቶት ብርዱ አሸነፈው። እናቱ ስትንቀጠቀጥ ማየት አልቻለምና ክፍተቱን በጨርቅና በማዳበሪያ ጠቅጥቆ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጠዋት ወደ ሥራው ሄደ። እማማ ከድጃ እንደ ልማዳቸው ማንደጃውን አስጠግተው ተቀመጡ።

ያገኘቻቸው አስካለ ናት። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሁልጊዜ በአጥሩ በኩል "እማማ፣ እንዴት አደሩ?" ትላቸዋለች፤ ያን ቀን መልስ አጣች። ደግማ ጠራች። በሩን ገፍታ ስትገባ ከመደባቸው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ብብታቸው ሥር እጇን አስገብታ እየጎተተች ግቢው ድረስ አወጣቻቸውና ጮኸች። እኔ ስደርስ እማማ ከድጃ በአስካለ ጋቢ ተጠቅልለው ፀሐይ ላይ ተጋድመዋል፤ ያስመልሳቸዋል። አስካለ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ፊታቸውን ትጠርጋለች። ሐኪም ቤት ወሰድናቸውና ተረፉ። አልሐምዱሊላህ።

ጀማል ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ልጮህበት ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አስካለ ግን ያንኑ ቀን እጇን ሳትታጠብ ወደ መብራት መሥሪያ ቤቱ ሄደች። የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ "ጎረቤቴ ልትሞት የደረሰችው በእኔ ሽቦ ምክንያት ማሞቂያዋ ስላልተሰቀለ ነው። ቆጣሪ ሳትሰጡኝ ከዚህ አልነሣም" አለች። ልጅቷ ውኃ አመጣችላት፤ አልጠጣችም። ኃላፊው ወጣ፣ አናገራት፣ ተመልሶ ገባ። በሳምንቱ ቆጣሪዋ ተተከለ። ያ ሁሉ አገልግሎቴ ያላስገኘልኝን ቆጣሪ እሷ ተቀምጣ አስገኘችው! ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም።

ትራንስፎርመሩ ድረስ በእግሬ ሄጄ የተሸከመውን ሁሉ አይቼ ተመለስኩ፤ ለሁለቱም ይበቃል። የተቃጠለውን ቅጥል አነሣሁ፣ ለማሽኑ ከማከፋፈያው ለብቻው ሽቦና ብሬከር አደረግሁ። የቀረው የመሬት እስራቱ ነው። እኛ ኧርዝ እንለዋለን፤ ማሽኑ ውስጥ ሽቦ ቢላላ ኮረንቲው ሰው ይዞ እንዳይቀር ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ነው። የእማማ ግቢ ከላይ ስስ አፈር፣ ከሥር ድንጋይ ነው። ብረት የሚገባውና አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ውዱእ ሲያደርጉ ውኃው የሚፈስበት ዝቅ ያለው ጥግ።

"እምቢ!" አሉ። "ለሶላት የምታጠብበት ላይ የኮረንቲ ብረት አትቀብርም።"

"የሚታጠቡበት ላይ አይደለም፤ ውኃው ወርዶ የሚጠፋበት ላይ ነው። ያለ ኧርዝ ማሽኑን አላበራም፣ እማማ።"

"እንግዲያው አታብራው።"

ከሞት የተነሡት ሴትዮ ለብረት ዘንግ ሲሉ ሊቀዘቅዙ ነው! ጀማል ሲጨንቀው ሸህ ኑርዬን ጠርቶ መጣ። ሸህ ኑርዬ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። የማሽኑ መመሪያ በዓረብኛ ነበርና እስቲ ያንብቡልን አላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ገጽ ገለጡ። አንዳንዱን ቃል "ይህን እንኳ ኪታብ ላይ አላየሁትም" እያሉ ዘለሉት። ድንገት ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አቆሙ።

"'አርድ' ይላል። አርድ መሬት ነው። ከመሬት ጋር ሳይታሰር እንዳይሠራ ይላል።"

እማማ ከድጃ ቀና አሉ። "እንዲህ ተብሎ ተጽፏል?"

"ተጽፏል።"

"እንድሪስ፣ ታዲያ ይህን ቀድመህ አትነግረኝም?" አሉኝ።

እኔ ኧርዝ እያልኩ የሰነበትኩትን ሸህ ኑርዬ አርድ ሲሉ በአንዴ ተቀበሉ። መዶሻዬን ይዤ ወደ ጥጉ ሄድኩና ብረቱን ከሚያስፈልገው በላይ በኃይል መታሁት።

የውጭውን ማሽን ከአስካለ ግድግዳ በተቃራኒ በኩል፣ ከመሬት ከፍ አድርገን በብረት ላይ አቆምነው፤ በረዶ እንዳይሸፍነው፣ የሚያንጠባጥበውም ውኃ መንገድ እንዲያገኝ። ማንደጃው ከቤት ወጣ። ያኔ ክፍተቱን በወጉ ደፈንን። አስካለም የሙቀቷን ነገር ለማጣራት መጣች። ማሽኑ ሲነሣ እጇን ከፊቱ ዘርግታ "ይሄስ ቀዝቃዛ ነው የሚተፋው" አለች። "ሙቀቱን ወስዶ ብርዱን መለሰልን ማለት ነው።" ስትስቅ ሳያት ቀልዷን እንደሆነ ገባኝ፤ እስከዚያ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር።

ክፍሉ ቀስ እያለ ሞቀ። እማማ ከድጃ መጀመሪያ ጋቢያቸውን፣ ቀጥሎ ሻርፓቸውን አወለቁ። እግራቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን አዩ። በዚህ መካከል የጀማል ስልክ ጮኸ፤ ራህማ ናት። አሠሪዎቿ ሳይመለሱ የሠረቀቻት ደቂቃ ነበረች። ጀማል ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእናቱ ሰጠ።

"እማ፣ ተሰቀለ? ሞቀሽ?"

"ሞቀኝ ልጄ፣ ሞቀኝ። አላህ ያሙቅሽ። እንድሪስ እዚህ ነው፣ አስካለም አለች።" ከዚያ ማሽኑን ቀና ብለው አዩና "ራህማ፣ አንቺ የምትተኚበት ክፍልስ እንዲህ ያለው አለው?" ብለው ጠየቁ።

"አሁን እኮ እዚህም ቀዝቅዟል እማ፤ አያስፈልግም።"

"እዚያ በጋ ሲሆንስ? ያ እሳት ሲሆን?"

"ማራገቢያ አለኝ" አለች። "ቀሪው ቤት ሁሉ አለው። የኔ ክፍል ጣራው ላይ ስለሆነ ነው።"

እማማ ከድጃ ወደ እኔ ዞሩ። "እንድሪስ፣ አጥፋው።"

"እማ! እንዳይጠፋ!" ልጅቷ በስልኩ ውስጥ ጮኸች። "በአላህ ይዤሻለሁ፣ አታስጠፊው። እሱን ሳስብ ነው ሌላው የሚቀለኝ። እስቲ ስልኩን ወደ እሱ አድርጊልኝ፤ ሲሠራ ልስማው።"

እማማ ከድጃ ተነሡ። ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ሄዱና ስልኩን በሁለት እጃቸው ወደ ማሽኑ ከፍ አደረጉት። ነፋሱ እሽ... ይላል። ከስልኩ ውስጥ ምንም ድምፅ አይመጣም፤ ልጅቷ እየሰማች ነው።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። የቤቱ አይደለም፤ ወዲያው አጮልቄ አየሁ፣ የጎረቤቱም ጠፍቷል፤ የከተማው ነው። ያን ሁሉ ሽቦ፣ ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ንትርክ ችዬ ለዚህች ደቂቃ ሳደርሰው! ጥርሴን ነከስኩ። ማሽኑ አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ።

"እማ? ምነው፣ ጠፋ እንዴ?" አለች ራህማ።

እማማ ከድጃ ወደ እያንዳንዳችን አዩ። ጀማል አፉን ሊከፍት ሲል በዓይናቸው ያዙት።

"ኧረ አልጠፋም" አሉ። "ዕቃው ጥሩ ስለሆነ ድምፅ የለውም። ከሞቀ በኋላ ዝም ይላል። እንድሪስ፣ ንገራት እንጂ።"

እኔ ያላየሁትን አየሁ ብዬ የማላውቅ ሰው፣ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ።

"አዎ ራህማ" አልኩ። "እየሠራ ነው።"

ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ከዚያ አሠሪዎቿ መጡ መሰለኝ፣ ሳትሰናበት ስልኩ ተዘጋ። እማማ ከድጃ ስልኩን ለጀማል መለሱና ጋቢያቸውን ከመደቡ ላይ አነሡ። አስካለ ቀድማ ተቀበለቻቸውና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። መብራቱ የመጣው ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ የዐሥር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ነው።